ማክሰኞና ሐሙስ የሚደክሙ ባትሪዎች

ጋሪዋ አቀበቱ መሃል ላይ ቆማ አልንቀሳቀስ ብላለች። ቁንጫ ከኋላ እየገፋች፣ አክስቷ ከፊት እየጎተተች ሁለቱም ላብ በላብ ሆነዋል። ተጫዋቹ የጎልፍ ዘንጎቹን ከነቦርሳቸው ትከሻው ላይ ጭኖ ቀድሟቸው ሄዷል፤ ዞር ብሎም አላያቸው። የዚህች ባለሦስት ጎማ የኤሌክትሪክ ጋሪ ሥራ ያንን ቦርሳ ተሸክማ ከሰውየው ጎን ጎን መሄድ ነበር። አሁን እሷ ራሷ የሚሸከማት ፈለገች።

«ባትሪዋ ጠዋት ሙሉ ነበር አላልሽም?» አለች ቁንጫ።

«ነበር።»

«ታዲያ የሜዳውን አሥራ ስምንት ጉድጓድ የሚያዞር ባትሪ እንዴት አሥራ አንደኛው ላይ ያልቃል?»

«እስኪ መጀመሪያ ግፊ፤ ኋላ ትጠይቂያለሽ።»

ቁንጫ ግን እየገፉ መጠየቅ የሚከለክል ሕግ አታውቅም። ቅጽል ስሙ የወጣላትም ለዚሁ ነው። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ቁመቷን ያየ ግን አሥርም አይሰጣትም። አንድ ነገር ካልገባት ደግሞ ራሷም አትተኛ፣ ሰውም አታስተኛ።

የጋሪዎቹ ማደሪያ ሜዳው ጥግ ላይ ያለ ረጅም ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ባለሁለት ደረጃ የባትሪ መደርደሪያ አለ፤ ከላይ ከአንድ እስከ አራት፣ ከታች ከአምስት እስከ ስምንት። የታችኛው ከወር በፊት የተጨመረ ነው። እያንዳንዱ ባትሪ የራሱ ቁጥርና የራሱ ቻርጀር አለው፤ የጋሪዎቹ መካኒክ የሆነችው አክስቷ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። አራት ቁጥር ባትሪ አምስት ቁጥር ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ከተገኘ ምድር ትናወጣለች። ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ እየነቀለች በቴስተር ትለካቸዋለች፤ ሙሉ ከሆኑ እጇ የገባው ጋሪ ላይ ትገጥማቸዋለች። የትኛው ባትሪ በየትኛው ጋሪ እንደወጣ ግን ማንም ጽፎ አያውቅም።

የጎልፍ ሜዳው ሥራ አስኪያጅ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ጫማው ሁልጊዜ ያብለጨልጫል፤ የሣር ሜዳ የሚያስተዳድር ሰው አይመስልም። አክስቷ የጋሪዋን የባትሪ ማያያዣ ስትፈታ ከውስጡ ሁለት ጠብታ ውሃ ወጣ። ሦስቱም አዩት።

«ይኸው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ኃይሉ የሚባክነው በዚህ ነው።»

አክስቷም ብትሆን የተሻለ ምክንያት አልነበራትም። ጠዋት ሙሉ የነበረ ባትሪ በግማሽ መንገድ ካለቀ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፤ ውሃው ደግሞ ዓይናቸው ሥር ነው። ውሃ ካለ አጣቢ አለ። ጋሪዎቹ ከጨዋታ ሲመለሱ በጎማ ቱቦ የሚያጥቧቸው ጋሼ ናቸው፤ ዘጠኝ ዓመት አጥበዋል። ሥራ አስኪያጁ ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ ቱቦውን እንዳይነኩ፣ አክስቷ ስለ ብልሽቱ ሪፖርት ጽፋ እንድትፈርም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ደግሞ ጋሼ ቢሮ መጥተው የስንብት ደብዳቤያቸውን እንዲወስዱ አዘዘ። ይህን ሁሉ ሲናገር ጋሼ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ቱቦውን ይጠቀልሉ ነበር።

አክስቷ ፈረመች። ጋሼ ቱቦውን ምስማሩ ላይ ሰቀሉት፤ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉና ወጡ። ቁንጫ ንጋት እስኪመጣ ቁጭ ብላ የምትጠብቅ ዓይነት ልጅ አይደለችም።

በማግስቱ ቁንጫ ክፍል ስትገባ ድምቡሽ ደብተሮቿን ሰብስባ ወደ ኋላ ወንበር ተዛውራለች። ድምቡሽ የጋሼ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ከቁንጫ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የኖሩት። አንዷ ስትቀጣ ሌላዋ የምታለቅስ ዓይነት ጓደኞች ናቸው። በእረፍት ሰዓት ቁንጫ ሮጣ ያዘቻት።

«ምነው ዘጋሽኝ?»

«አክስትሽ ናት የፈረመችው።»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«አንቺማ ምን ታደርጊያለሽ» አለች ድምቡሽ፤ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ። «አባቴ ትናንት ራት አልበላም። ዘጠኝ ዓመት ሲያጥብ አንድ ሽቦ አርሶ አያውቅም። ዛሬ ነው ውሃ መርጨት የጠፋበት?»

«ምክንያቱን አገኘዋለሁ።»

«አታካብጂ በናትሽ። ኢንጂነር ነሽ?»

ቁንጫ ከድምቡሽ ጋር የምትጫወትበትን ሰዓት ሁሉ እዚያ ማደሪያ ውስጥ ብታሳልፍም፣ ያንን ብልሽት ከተደበቀበት ሳታወጣው ላትመለስ ቆረጠች።

ሰኞና ረቡዕ እናቷ በሥራ ስለምታመሽ፣ ቁንጫ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የምትሄደው አክስቷ ጋ ነው። የቤት ሥራዋን እዚያው ትሠራለች፤ አክስቷ በእነዚህ ቀናት ቀደም ብላ ስለምትወጣ፣ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ለጥበቃው የምትሰጠው ቁንጫ ናት። ሥራ አስኪያጁ አንድ ጊዜ «ይህ የሕፃናት ማቆያ አይደለም» ካለ ወዲህ፣ ብቻዋን ማምሸቷና በሩን መቆለፏ በእሷ፣ በአክስቷና በጥበቃው መካከል ያለ ምስጢር ሆኗል። ቢታወቅ ጣጣው የሚወድቀው አክስቷ ላይ ነው።

የዚያን ቀን ረቡዕ ነበር። አክስቷ ከመውጣቷ በፊት አንድ ነገር አስተማረቻት። ብልሽት ስትፈልጊ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ አለቻት፤ ሁለት ነገር ባንዴ ከቀየርሽ፣ ቢስተካከል እንኳ በየትኛው እንደተስተካከለ አታውቂም። ቁንጫም መጀመሪያ የምትቀይረውን መረጠች፤ ውሃውን። የስምንቱንም ጋሪ ማያያዣዎች ፈታች፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች፣ በጨርቅ አደረቀች፣ መልሳ ገጠመች። ጣቶቿ ቆሳስለው ነበር ቆልፋ የወጣችው።

ሐሙስ ሁለት ጋሪዎች ቆሙ። ቱቦውን ማንም አልነካውም፤ ማያያዣዎቹ እንደ አጥንት ደርቀዋል፤ ጋሪዎቹ ግን ቆሙ። ቁንጫ ደስ ሊላት ምንም አልቀራትም ነበር። አክስቷ ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ ብትነግረው ግን ውሃው ቀድሞ ውስጥ ስለገባ ነው ብሎ መለሰላት። ለእሱ ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ያውም ያንኑ ውሃ።

ቁንጫ የሒሳብ ደብተሯን ገልብጣ ከኋላ ጀመረች። ቀን፣ ጋሪ፣ ባትሪ፣ ያዞረው ጉድጓድ። አክስቷ ከዓርብ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የትኛውን ባትሪ የት እንደገጠመች እንድትጽፍላት ለመነቻት። አክስቷ ሥራ አታብዢብኝ ብላ ተነጫነጨች፤ ጻፈችላት። ዓርብ ሁሉም ደህና ዋሉ። ቅዳሜም፣ እሑድም፣ ሰኞም። ጥበቃው ግድግዳው ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ እያመለከተ ሳቀ። አክስቷ ጋሪ በቆመ ቁጥር እዚያ ላይ የኤክስ ምልክት ታደርጋለች፤ ምልክቶቹ ሁሉ ሁለት ዓምድ ላይ ተሰልፈዋል።

«እነዚህ ባትሪዎች ማክሰኞና ሐሙስ ይደክማቸዋል» አለ።

አክስቷም ሳቀች። ቁንጫ ግን አልሳቀችም። የቀን መቁጠሪያውን ትክ ብላ አየችው፤ ምን ማለት እንደሆነ ገና አልገባትም።

ማክሰኞ ጠዋት ከትምህርት በፊት አክስቷን ተከትላ መጣች። ሁለትና ሰባት ቁጥር ባትሪዎች ዛሬ ጋሪ ላይ እንዳይወጡ አስፈቅዳለች። አክስቷ ከቻርጀር ነቅላ ለካቻቸው፤ ቴስተሩ ሁለቱንም ሙሉ አለ። ቁንጫ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ በእያንዳንዳቸው ላይ አሮጌ የመኪና አምፖል አያያዘችባቸውና ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች። አስተማሪው ስለ ሦስት ማዕዘን ሲያወራ እሷ የምታስበው ስለ አምፖል ነበር። ሁለቴ ተጠርታ አልሰማችም፤ ክፍሉ ሳቀባት፤ ድምቡሽ ብቻ አልሳቀችም።

በሰባት ሰዓት ስትመለስ አክስቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የሰባት ቁጥር አምፖል ረፋዱ ላይ እየደበዘዘ ሄዶ ጠፍቷል። የሁለት ቁጥሩ አሁንም ቦግ እንዳለ ነው።

«ጋሪ የለ፣ ማያያዣ የለ፣ ጠብታ ውሃ የለ» አለች አክስቷ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ባትሪው ከመጀመሪያው አልሞላም ነበር። ከቻርጀር እንደተነቀለ ከለኩት ላይ ላዩን ነው የሚያሳየው። ነቅዬ ትንሽ ማቆየት ነበረብኝ። ሃያ ዓመት ባትሪ ስነካ ኖሬ ይቺን ረሳኋት?»

የዚያን ቀን የቆሙት ሁለት ጋሪዎች አምስትና ስምንት ቁጥር ባትሪ የያዙት ነበሩ፤ ስድስት ቁጥር የያዘው ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ ዞሮ ተመልሷል። ቁንጫ ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ ሰባት፣ አምስት፣ ስምንት። ሁሉም ከታችኛው መደርደሪያ ናቸው። አክስቷ ቢሮ ሄዳ ነገረችው። ሥራ አስኪያጁ ታዲያ ባትሪዎቹን የገደላቸው ያው ውሃው ነዋ አላት፤ ሪፖርቱን ፈርመሻል፣ ሐሙስ ደብዳቤው ይወጣል ብሎ ጨረሰ።

የሞተ ባትሪ ግን አይነሳም። ረቡዕ ዕለት ያው ሰባት ቁጥር አሥራ ስምንቱንም ጉድጓድ ዞሮ፣ ምንም ሳይለው ተመለሰ። ማክሰኞ ሞቶ ረቡዕ ተነሳ ማለት ነው። ቁንጫ ማምሻውን ብቻዋን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ዘረጋች። ማክሰኞና ሐሙስ የደከመ ባትሪ በደንብ ያላደረው ሰኞና ረቡዕ ማታ ነው። ሰኞና ረቡዕ ማታ እዚህ ቤት በሌላው ቀን የማይሆን ምን ይሆናል? መጻፍ ጀመረች። ጥበቃው ያው ነው። ቻርጀሩ ያው ነው። አክስቴ ቀድማ ትሄዳለች። ከዚያ ሌላ የሚጻፍ ነገር አጣች። እርሳሷን አንስታ፣ ቆይታ፣ አንዲት ቃል ጨመረች፤ እኔ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ወደ በሩ ሄደች፣ እንደ ወትሮው መብራቱን አጠፋች። በሌላው ጊዜ ቢሆን ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የምትወጣው። አሁን ዞር ብላ አየች። ላይኛው መደርደሪያ ላይ አራት ቀያይ የቻርጀር መብራቶች በጨለማው ውስጥ ይታያሉ። ታች ምንም የለም።

አበራችው፤ የታችኞቹ አራት ቀያይ መብራቶች ቦግ አሉ። አጠፋችው፤ ጠፉ። አምስት ጊዜ ያህል ደጋገመችው። ከወር በፊት የታችኛውን መደርደሪያ የሠራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መስመሩን የወሰደው ከአምፖሉ ማብሪያ ማጥፊያ ነበር። አክስቷ ስትዘጋ፣ ሌባ ብርሃን ይፈራል ብላ መብራቱን እንደበራ ትታው ነው የምትሄደው። ቁንጫ ደግሞ መብራት እንዲሁ ሲነድ ማየት አይሆንላትም፤ ቤት ውስጥም ከክፍል ክፍል እየዞረች የምታጠፋው እሷ ናት። ጠዋት አክስቷ ገብታ ስታበራ ስምንቱም ቻርጀሮች እየሠሩ ታገኛቸዋለች፤ ሌሊቱን ሲሠሩ ያደሩ ይመስላሉ።

ቁንጫ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ሳምንት ሙሉ ስታሳድደው የኖረችው ጥፋተኛ በገዛ እጇ ጣት ላይ ነበር። «አንቺማ ምን ታደርጊያለሽ» ያለቻት የድምቡሽ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣና ፊቷ ጋለ። አፈረች፤ ክፉኛ አፈረች። ከዚያ ተነሳች፣ መብራቱን እንደበራ ተወችው፣ ቆልፋ ቁልፉን ለጥበቃው ሰጠች።

ሐሙስ አንድም ጋሪ አልቆመም።

ቁንጫ በክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከራሷ ጋር ስትከራከር ዋለች። ጥፋት መሆኑን አላወቀችም፤ አውቃ ያደረገችው ነገር የለም። ከዛሬ ጀምሮ መብራቱን ባታጠፋው ነገሩ በራሱ ይቀራል፣ ማንም አይጎዳም፣ አክስቷም አትወቀስም። ይህን እያለች ራሷን ታጽናናለች፤ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ድምቡሽ አልነበረችም። ዛሬ ከአባቷ ጋር ቢሮ ልትሄድ አስፈቅዳለች አሏት።

ማደሪያው ስትደርስ ሥራ አስኪያጁ ከአክስቷ ጋር ቆሟል። ቁንጫን ሲያይ ግንባሩን ቋጠር አደረገ፤ ወዲያው ግን ተወውና ወደ ጋሪዎቹ ዞረ። ደስ ብሎታል።

«ዛሬ ሐሙስ ነው፤ አንዱም አልቆመም» አለ። «ሽማግሌው እጃቸውን ካነሱ ወዲህ ውሃው ደርቋል ማለት ነው። ጥሩ ውሳኔ ነበር።»

ቁንጫ አፏን ከፈተች፤ ነገሩ አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ሰውየው በሚያብለጨልጭ ጫማው እየተራመደ ወደ ቢሮው ሄደ።

አሁን ገባት። ዝም ብትል ነገሩ አይቀርም። ባትሪዎቹ ደህና በዋሉ ቁጥር ጋሼ የበለጠ ጥፋተኛ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ደህና ቀን እሳቸው ላይ የሚመሰክር ምስክር ነው።

«እቴቴ፣ ነይ እዪ» አለች።

አክስቷን ከመደርደሪያው ፊት አቁማ መብራቱን አጠፋችላት። ቀን ስለነበር ክፍሉ ብዙም አልጨለመም፤ የታችኞቹ ቀያይ መብራቶች ሲጠፉ ግን በደንብ ይታያል። መልሳ አበራችው። ምንም ማስረዳት አላስፈለጋትም። አክስቷ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ሰኞና ረቡዕ» አለች።

«እኔ ነኝ የማጠፋው።»

«አንቺ ምን አውቀሽ? የዚያ ባለሙያ ጥፋት ነው። የእኔም ነው።» አክስቷ ፊቷን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገች። ነገ ባለሙያውን ጠርታ መስመሩን እንደምታስለየው፣ የቁንጫን ስም ማንም እንደማያነሳ፣ ሥራ አስኪያጁ ቁልፍ ለልጅ ሰጥታ እንደምትሄድ ካወቀ ግን እሷንም እንደማይምራት፣ ቁንጫም ከዚህ በኋላ እዚህ ደጃፍ እንደማትደርስ ነገረቻት። ይህን ስትል ዓይኗን አላየቻትም።

«ጋሼስ?»

«የጋሼን ነገር ቀስ ብዬ አነጋግረዋለሁ።»

ቁንጫ የአክስቷን «ቀስ ብዬ» ታውቀዋለች። የሚያፈሰውን ጣሪያ ቀስ ብዬ አሠራዋለሁ ካለች ሦስት ክረምት አልፏል። አክስቷ ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነው። ቁንጫም ፈርታለች። ሁለት ሰው ሲፈራ አንዱ ቀድሞ መነሳት አለበት፤ ካልሆነ እዚያው ተቀምጠው ይቀራሉ።

«እቴቴ፣ እኔ አሁኑኑ ልነግረው ነው» አለች። «ቁልፉን የሰጠሽኝ አንቺ መሆንሽን ከጠየቀኝ አልዋሽም። ካልጠየቀኝ ግን የራሴን ብቻ ነው የምናገረው።»

አክስቷ ቀና ብላ አየቻት፤ ይህቺን አጭር ልጅ ዛሬ ገና ያየቻት ይመስላል። ሂጂም አትሂጂም አላለቻትም። ቁንጫ ወጥታ የሣሩን ዳር ዳር ይዛ መንገዱን ግማሽ ያህል ስትሄድ ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። አክስቷ ናት፤ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ትከተላለች።

«እኔም የፈረምኩት ወረቀት አለ» አለች ስትደርስባት።

ከቢሮው ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ጋሼ ተቀምጠዋል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ የአንገቱን ቁልፍ ሳይቀር ቆልፈውታል። አጠገባቸው ድምቡሽ አለች። ደብዳቤው እስኪተየብ እየጠበቁ ነው። ድምቡሽ ቁንጫን ስታይ ፊቷን አዞረች፤ ጋሼ ግን እንደ ወትሯቸው በራሳቸው ነቅነቅ ሰላምታ ሰጧት።

ቁንጫ ሁለቱንም ልታናግራቸው አሰበች። ግን እነሱ ፊት ብቻ ይቅርታ ጠይቃ ብትሄድ ለማን ይጠቅማል? እዚያ በር ውስጥ ነው መባል ያለበት። አንኳኳች።

«ይግቡ» አለ ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ።

ገባች፤ አክስቷ ከኋላዋ ደፉ ላይ ቆመች። ሰውየው ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ፣ ምን ልትል ነው በሚል ዓይን አያትና፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ስለሚገባ በሩን እንድትዘጋው በእጁ ምልክት ሰጣት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክፍት ይሁን» አለች ቁንጫ። «ጋሼም መስማት አለባቸው። ባትሪዎቹን ያደከምኩት እኔ ነኝ።»